ሰይፍ ያለበት ሁሉ ማይሰን አይደለም፤ ስለ ዳንቴል ለባሿ የፖርሴሊን ምስል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ፍራንክፈርት ይኖራሉ። ከፍሎማርክት (ከአሮጌ ዕቃ ገበያ) አንዲት የፖርሴሊን ሴት ምስል በ140 ዩሮ ገዝተዋል። ቁመቷ 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከወገቧ በታች ያለው ቀሚስ ሙሉ በሙሉ ዳንቴል ሲሆን ጫፉ በወርቅ ተቀብቷል። ከሥሯ ሰማያዊ የተመሳቀሉ ሁለት ሰይፎች አሉ፤ በላያቸው አንድ አግድም መስመር አልፏል። አጠገባቸው ጥፍር የምታክል፣ የተፋቀች የምትመስል ፈዛዛ ቦታ አለች። ጭቃው እርጥብ ሳለ በማህተም የተጫነ ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም ይታያል። ሻጩ «ማይሰን ነው፣ የ18ኛው ክፍለ ዘመን» ብሏቸዋል፤ ማይሰን የተመሳቀሉ ሰይፎች ምልክቱ የሆኑ ዝነኛ የጀርመን የፖርሴሊን ፋብሪካ ነው። እውነት ነው ወይ? እንዴት ላጽዳት? ለገና አዲስ አበባ ላሉት እናቴ ስወስዳት እንዳትሰበርብኝስ ምን ላድርግ? ይላሉ።

ቁርጡን ልንገርዎ። በጻፉት ዝርዝር መሠረት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ አይደለችም፤ የማይሰን የመሆኗ ዕድልም በጣም ጠባብ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ እስከ 20ኛው አጋማሽ ባለው ጊዜ በጀርመኗ ቱሪንገን ክልል ከነበሩ ፋብሪካዎች በአንዱ ተሠርታ፣ ኋላ ላይ የራሷ ምልክት ተፍቆ ሰይፍ የተሣለባት ሳትሆን አትቀርም። ይህን ቤትዎ ሆነው በእጅዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። 10 ጊዜ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር፣ የብርሃኑ ሞገድ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ የልብስ መርፌ፣ የጆሮ ጥጥና ትንሽ አሴቶን ይበቃዎታል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው የፖርሴሊን ዕቃ ሲያነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ ሥሩን ማየት ነው። ሻጭም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ምልክት በአንድ ደቂቃ ይሣላል፤ ጣት፣ ዓይን፣ የአበባ ቅጠል ግን በአንድ ደቂቃ አይሠራም። ስለዚህ ከላይ ወደ ታች ይሂዱ፦ መጀመሪያ አካሏንና አሠራሯን፣ ቀጥሎ ቀለሙንና ወርቁን፣ ከዚያ ቁጥሩን፣ በመጨረሻ ምልክቱን ይዩ። ምልክቱ ከሌሎቹ ጋር ከተስማማ ጥሩ ምስክር ነው። ካልተስማማ የሚታመኑት ሌሎቹ ናቸው።

በእርስዎ ምስል ላይ ብዙ የሚናገረው ዳንቴሉ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ እውነተኛ የጥጥ ዳንቴል ተቆርጦ እንደ እርጎ በቀጠነ የፖርሴሊን ጭቃ ውስጥ ይነከራል። ትርፉ ጭቃ በጣት ተጨምቆ ይወጣል፤ ካልወጣ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ። ከዚያ እርጥብ እንዳለ በመርፌና በቀጭን ብሩሽ እየተሸበሸበ ከወገቧ ጀምሮ በድርብ በድርቡ ይለጠፋል። እቶን ሲገባ ክሩ ተቃጥሎ ይጠፋና ክሩን የከበበው ጭቃ ብቻ ፖርሴሊን ሆኖ ይቀራል። ፖርሴሊን በእሳት አንድ ስድስተኛ ያህል ይኮማተራል፤ 19 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ምስልዎ እቶን ከመግባቷ በፊት 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበረች ማለት ነው። ወፍራሙ አካልና ስሱ ዳንቴል እኩል ስለማይደርቁና እኩል ስለማይኮማተሩ መጋጠሚያው ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈጠራል። ይህ የእሳት ስንጥቅ ይባላል፤ በማጉያ ሲታይ ጠርዞቹ ለስላሳ ናቸው፣ ውስጡም የሚያብረቀርቀው ሽፋን፣ ማለትም ግሌዙ፣ ገብቶበታል። በመውደቅ የመጣ ስንጥቅ ግን ጠርዙ ስለታም ነው፤ ቆሻሻም ስለሚገባበት ይጠቁራል።

በአንገትና በእጅጌ ጫፍ ላይ ጥቂት ዳንቴል ማድረግ ቀደም ሲልም ነበረ። ከወገብ እስከ እግር የተንዠረገገ ሰፊ የዳንቴል ቀሚስ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና የ20ኛው ፋሽን ነው። በማይሰን ከ1731 ጀምሮ በ1775 እስኪሞት ድረስ የሠራው ዮሐን ዮአኪም ካንድለር ሰፊ ቀሚስ የለበሱ የቤተ መንግሥት ሴቶችን ሠርቷል፤ የእነሱ ቀሚስ ግን ጥቅጥቅ ያለ ፖርሴሊን ነው፣ የጨርቁ አበባም በብሩሽ የተሣለ ነው። «18ኛው ክፍለ ዘመን» የሚለው የሻጩ ቃል ምልክቱ ሳይታይ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ምስሏን ለስላሳ ፎጣ ላይ በጥንቃቄ አጋድመው ከሥር ይመልከቱ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የማይሰን ምስል መቀመጫው በአብዛኛው ጠፍጣፋ፣ ግሌዝ ያልተቀባና ትንሽ የአየር ቀዳዳ ያለው ነው። በዚያን ጊዜ ጭቃው በእጅ ጣት ወደ ጄሶ ፎርማ እየተጫነ በክፍል በክፍል ይወጣና ይገጣጠም ነበር፤ ስለዚህ ቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚያሳይ ከሆነ የጣት አሻራና አንዱ ጋ ወፍራም ሌላው ጋ ስስ የሆነ ግድግዳ ይታያል። ኋላ የተስፋፋው ዘዴ ፈሳሽ ጭቃ በጄሶ ፎርማ ውስጥ መሙላት ነው። ጄሶው ውሃውን ይመጥና ጠርዙ ላይ እኩል ውፍረት ያለው ቅርፊት ይይዛል፤ የቀረው ፈሳሽ ይደፋል። እንዲህ የተሠራ ምስል ውስጡ የውጩን ቅርጽ እየተከተለ ይገባል፣ ይወጣል። የእርስዎ ይህን ከመሰለ የፋብሪካ ብዛት ሥራ ናት።

ፊቷን በማጉያ ይዩት። በጥሩ የማይሰን ሥራ ቅንድብና የፀጉር መስመር አንድ በአንድ በስስ ብሩሽ የተሳቡ ናቸው፤ የዓይኑ ብሌን ከውጨኛው ቀለበት ይለያል፤ ጣቶቹ የተነጣጠሉ ሆነው ጥፍራቸው ይታያል። በርካሹ ሥራ ዓይን አንድ ነጥብ ነው፣ ቅንድብ አንድ ጭረት፣ ከንፈር አንድ ቀይ ጠብታ። አበባ ከያዘች ወይም ፀጉሯ ላይ ካለ ቅጠሎቹን ለየብቻ ይመርምሩ፤ አንድ በአንድ በጣት ተሠርተው የተሰካኩ ከሆነ ጠርዛቸው እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ በፎርማ ከተመቱ ደንዳና ናቸው። በግሌ ከምልክቱ ይልቅ ጣቷን አምናለሁ።

ቀለምም ዘመን ይናገራል። አረንጓዴውን ይፈልጉ። ክሮሚየም የተገኘው በ1797 ነው፤ ስለዚህ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የክሮሚየም አረንጓዴ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዕቃ ላይ ሊኖር አይችልም። የቀድሞው አረንጓዴ ከመዳብ ይሠራ ነበር፤ መስታወት መሰል ነው፣ በትንሹ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ወፍሮ በተጠራቀመበት ቦታ ይጨልማል። ወርቁም እንዲሁ ነው። የድሮው የወርቅ ዱቄት ከእቶን ሲወጣ ፈዛዛ ስለነበር በአጌት ድንጋይ እየታሸ ይወለወል ነበር፤ በማጉያ የመወልወያው ጭረት ይታያል፣ ብርሃኑም ሞቅ ያለ ነው። በ1830 አካባቢ የማይሰኑ ኬሚስት ሃይንሪሽ ጎትሎብ ኪውን ፈሳሽ ወርቅ ሠራ፤ ይህ ከእቶን ሲወጣ እንደ መስታወት እያብረቀረቀ ነው፣ በጣም ስስ ስለሆነ ግን በጣት ንክኪ ብዛት ይለቃል። የቀሚስዎ ጫፍ ላይ ያለው ወርቅ የሚያብለጨልጭና ቦታ ቦታ ላይ የሳሳ ከሆነ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማይሰን የሞዴሉን ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ ከፊደል ጋር፣ በሹል ነገር በእጅ ጽሑፍ እርጥቡ ጭቃ ላይ ይጭር ነበር። በማህተም የተጫነው ትንሽ ቁጥር የገጣጣሚውን ሠራተኛ፣ በቀለም የተጻፈው ደግሞ የሠዓሊውን መለያ ያመለክታል። ሦስቱ በሦስት የተለያየ መንገድ ተቀምጠው ሲገኙ ደስ ይላል። የእርስዎ ግን በማህተም የተጫነ አንድ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ብቻ ነው፤ ይህ ከቱሪንገን ፋብሪካዎች ልማድ ጋር ይበልጥ ይሄዳል።

አሁን ሰይፉ። ማይሰን ለምን ይህን ያህል እንደተቀዳ ለመረዳት ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። በ1708 ድሬስደን ላይ ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገርና ሊቁ ኤረንፍሪድ ቫልተር ፎን ቺርንሃውስ፣ እስከዚያ በምሥራቅ እስያ ብቻ ይሠራ የነበረውን ጠንካራ ፖርሴሊን የማውጣት መንገድ አገኙ። የሳክሶኒ መራጭ ልዑል (ንጉሠ ነገሥቱን ከሚመርጡት የጀርመን መሳፍንት አንዱ) እና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ኃያሉ አውግስጦስ በ1710 ፋብሪካውን ማይሰን ከተማ በሚገኘው በአልብሬሽትስቡርግ ግንብ ውስጥ አቋቋመ፤ ግንቡ የተመረጠው ምሥጢር ለመጠበቅም ስለሚያመች ነው። ምሥጢሩ ግን አሥር ዓመት እንኳ አልቆየም፤ በሸሹ ሠራተኞች በኩል ቪየና ደረሰ፣ ከዚያም ልዑል ነኝ ያለ ሁሉ የራሱን ፋብሪካ ፈለገ። ሆሽት በ1746፣ ፉርስተንበርግ በ1747፣ በኋላ ኒምፈንቡርግ የተባለው በዚያው ዓመት፣ ፍራንከንታል በ1755፣ ሉድቪግስቡርግ በ1758 ተነሡ። የፕሩሺያው ንጉሥ ታላቁ ፍሪድሪክ የበርሊኑን በ1763 በ225,000 ታለር (የዘመኑ የብር ገንዘብ) ገዛው። በቱሪንገን ደን ውስጥ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እዚያ የእቶን እንጨት እንደ ልብ ነበር፤ በ1760 ጌኦርግ ሃይንሪሽ ማኽላይድ ፖርሴሊን ለመሥራት ከበቃ በኋላ ብዙ ፋብሪካዎች በግል ባለሀብቶች ተከፈቱ። እነዚህ የሚሠሩት ለመሸጥ ነው እንጂ ለልዑል ክብር አይደለም፤ ገበያው ማይሰን ሲል ማይሰን የሚመስል ያቀርባሉ።

ሰይፎቹ ከሳክሶኒ መራጭ ልዑል አርማ የተወሰዱ ናቸው፤ በማይሰን ዕቃ ላይ መሣል የጀመሩት በ1722 ገደማ ነው። የሚሣሉት ሰማያዊ ቀለም በሚሰጠው በኮባልት፣ ከግሌዙ በፊት ነው፤ ምክንያቱም የግሌዙ እሳት 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚደርስ ያንን የሚችለው ቀለም በዋናነት ኮባልት ነበር። ሌሎቹ ቀለሞች ከግሌዙ በኋላ ይቀቡና 800 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቀዝቀዝ ያለ እሳት ይጠበሳሉ። መፈተኛዎ ይህ ነው። ምስሏን ወደ መብራት አዘንብለው የብርሃኑን ነጸብራቅ በሰይፎቹ ላይ ያሳልፉት። ነጸብራቁ ሳይቋረጥ ካለፈና በጥፍር ሲዳስሱት ምንም ካልተሰማዎ ቀለሙ ከግሌዙ በታች ነው። ነጸብራቁ ሰይፉ ላይ ሲደርስ ከፈዘዘ ወይም ከተሰበረ፣ መስመሩም ከፍ ብሎ ከተሰማዎ፣ ከላይ የተሣለ ነው፤ ያ ማይሰን አይደለም ማለት ይቻላል።

የሰይፉ አሣሣልም እንደ ዘመኑ ይለያያል። ከ1763 እስከ 1774 በእጀታዎቹ መካከል ነጥብ አለ፤ ካሚሎ ማርኮሊኒ ፋብሪካውን በመራበት ከ1774 እስከ 1814 ነጥቡን ኮከብ ተካው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእጀታዎቹ ጫፍ ትንንሽ እንቡጥ መሰል ነጠብጣቦች መጡ፤ ከ1924 እስከ 1934 ደግሞ ነጥቡ ወደ ላይ፣ በሰይፎቹ ስለቶች ጫፍ መካከል ወጣ። ሰይፎቹ በንግድ ምልክትነት የተመዘገቡት በ1875 ነው። ይህን ዝርዝር አስመሳዩም ስለሚያውቀው ለብቻው አይመኑበት።

በሰይፎቹ ላይ ያለፈው መስመር ግን ቁም ነገር ነው፤ ሁለት ፍጹም የተለያየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ማይሰን ከእቶን የወጣውን ዕቃ ሲለይ እንከን ያለበትን ወይም ሳይቀባ ነጭ ሆኖ የሚሸጠውን በሰይፎቹ ላይ በመፍጫ ጎማ ግሌዙን ሰንጥቆ ምልክት ያደርግበታል። ይህ መስመር ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጥፍር ይይዛል፣ ቀለም የለውም፣ ውስጡ ቆሻሻ ይጠራቀማል። እንዲህ ከሆነ ዕቃው ራሱ ማይሰን ነው፣ ቀለሙ ግን ውጭ በሌላ ሰው የተቀባ ሊሆን ይችላል። መስመሩ እንደ ሰይፎቹ ሰማያዊ ሆኖ በብሩሽ የተሣለ ከሆነ ግን ማይሰን አይደለም። በ1845 ፓሪስ የተቋቋመው የሳምሶን ፋብሪካ የማይሰን ቅጂዎቹ ላይ ሰይፍ መሰል መስመሮችን በሌላ መስመር ያቋርጥ ነበር። የቱሪንገኑ ሲትዘንዶርፍ ሁለት ትይዩ መስመሮችን በአንድ መስመር ያቋርጥ ነበር። ሌላው የቱሪንገን ፋብሪካ ፎልክሽቴት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሽቫርትስቡርግ መሳፍንት አርማ የተወሰዱ ሁለት የተመሳቀሉ መንሾች ይሥል ነበር፤ በፍጥነት ሲሣሉ የመንሹ ጥርስ ይጠፋና ሰይፍ ይመስላል፤ ማይሰንም አቤቱታ አቅርቦበታል። የቱሪንገኑ ቫለንዶርፍም ፊደሉን «ደብልዩ»ን ሰይፍ አስመስሎ ሥሏል። ስለዚህ ሰይፎቹን በማጉያ ሲያዩ ጫፋቸው ላይ ጥርስ ወይም መታጠፊያ አለ ወይ ብለው ይፈልጉ።

የተፋቀችው ቦታ ነው ይበልጥ የሚያሳስበው። ጤነኛ ግሌዝ ራሱን ችሎ እንዲህ አይፈዝም። በማጉያ ሲያዩት ትይዩ ጭረቶች ካሉበትና በትንሹ ከጎደጎደ በመፍጫ ተነስቷል። የሚነሳው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የእውነተኛው ፋብሪካ ምልክት፣ ወይም «ጀርመኒ» የሚለው ቃል። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ ስላስገደደች፣ ይህ ቃል ያለበት ዕቃ በአብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። «18ኛው ክፍለ ዘመን» ብሎ ለሚሸጥ ሰው ያ ቃል ጠላቱ ነው። አንዳንዱ ፍቆ ሲያበቃ ቫርኒሽ ያለብሰዋል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የአልትራቫዮሌት ባትሪውን ያብሩበት፤ ጠንካራ ፖርሴሊን ደብዛዛ ሐምራዊ ሲሆን፣ ቫርኒሽና አዲስ ቀለም ወተት መሰል ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ይበራል። ከዚያ የጆሮ ጥጥ በአሴቶን ነክረው እዚያው ቦታ ላይ ብቻ፣ መስኮት ከፍተውና ከእሳት ርቀው፣ በቀስታ ያሹት። አብረቅራቂነቱ ከጠፋ ቫርኒሽ ነበር። ሰይፎቹ ራሳቸው ከጥጡ ጋር ሰማያዊ ሆነው ከተነሱ ያለ እሳት የተቀቡ ናቸው፤ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ካልተነሱ ግን ማይሰን መሆኗን አያረጋግጥም፣ ከላይ ተሥሎ የተጠበሰ ምልክትም አይነሳምና።

«ታዲያ ድሬስደን ናት» የሚልዎ ሰው አይጠፋም። ድሬስደን በፖርሴሊን ገበያ ላይ የአንድ ፋብሪካ ስም አይደለም፤ ነጭ ዕቃ ከሌላ ቦታ እየገዙ የሚቀቡ ብዙ የሥዕል ቤቶች የነበሩባት ከተማ ናት። ሄለና ቮልፍሶን የምትባለው የሥዕል ቤት ባለቤት የንጉሥ አውግስጦስን የስም ፊደላት፣ «ኤ» እና «አር»ን፣ በምልክትነት ትጠቀም ነበር፤ ማይሰን ከስሷት በፍርድ ተከለከለች። በ1883 አራት የድሬስደን የሥዕል ቤቶች ዘውድና ከሥሩ «ድሬስደን» የሚል ሰማያዊ ምልክት በጋራ አስመዘገቡ። ከከተማዋ አጠገብ ፖትሻፐል ላይ በ1872 የተቋቋመው የካርል ቲሜ ፋብሪካ ግን ፖርሴሊኑን ራሱ ይሠራ ነበር። በዳንቴል ምስሎቹ ስሙ የሚነሳው ሙለር ፎልክሽቴት ዘውድ ያለበት «ኤም» እና «ቪ» ምልክት ነበረው። ከተፋቀው ቦታ ጠርዝ የአንዱ ርዝራዥ፣ የዘውድ ጫፍ ወይም የፊደል እግር፣ ቀርቶ ይሆናል፤ ባትሪውን ከጎን እያበሩ በማጉያ ይፈልጉት።

ቱሪንገን መሆኗ ነውር አይደለም። ማይሰንን ከ1918 በኋላ የመራው ማክስ አዶልፍ ፋይፈር ከዚያ በፊት ሥራውን ያሳየው እዚያው ቱሪንገን፣ ኡንተርቫይስባኽ ውስጥ ነው። የዳንቴል ሥራም ቀላል እጅ አይጠይቅም። ነውሩ የፋቂው ነው።

ፍራንክፈርት ከሆኑ ዓይን የሚያሠለጥን ቦታ ሩቅ አይደለም። ሆሽት ዛሬ የከተማዋ አካል ነው፤ በክሮንበርገር ሃውስ ያለው ሙዚየም የሆሽት ፖርሴሊን ያሳያል። የዚህ ፋብሪካ ምልክት የማይንዝ ሊቀ ጳጳሳት መንኮራኩር ነው፤ በ1796 ሲዘጋ ፎርማዎቹ ወደ ሌሎች እጅ አለፉና አሻፈንቡርግ አጠገብ ዳም ላይ በተራ ሸክላ፣ ኋላም ፓሳው ላይ በፖርሴሊን ዳግመኛ ተሠሩ። ስለዚህ በፍሎማርክት መንኮራኩር ቢያዩም አይጣደፉ። ከሥሩ «ዲ» ካለ የዳም ነው፤ ስብራቱ ላይ መስታወት መሰል ካልሆነና ውሃ ከመጠጠ ተራ ሸክላ ነው። «ኬፒኤም» የሚሉት ፊደላትም እንዲሁ ያሳስታሉ፦ የበርሊኑ ፋብሪካ በትረ መንግሥት አብሮት ይሥላል፤ በሲሌዢያ ቫልደንቡርግ የነበረው የክሪስተር ፋብሪካም የስሙ መጀመሪያ ፊደላት ያው ስለሆኑ ያንኑ «ኬፒኤም» ይጽፍ ነበር።

ለመሸጥ ካሰቡ «ማይሰን» ብለው አያውጧት፤ «የዳንቴል ምስል፣ ቱሪንገን ሳትሆን አትቀርም፣ ምልክቱ የተፋቀ» ብለው ይጻፉ። ዋጋ ሲያጣሩ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን በጨረታ የተሸጠበትን ይዩ። ብዙ የጨረታ ቤቶች በፎቶ ያለ ክፍያ ግምት ይሰጣሉ፤ የፊቷን፣ የእጇን፣ የዳንቴሉን ስብራትና የሥሯን ፎቶ ይላኩ።

ጽዳት። ከማጽዳትዎ በፊት ጥገና እንዳላት ይወቁ፤ ምክንያቱም ፖርሴሊኑ ውሃ አይፈራም፣ የድሮ ማጣበቂያ ግን ይፈራል። አንገት፣ የእጅ አንጓና ጣት የሚሰበሩ ቦታዎች ናቸው። ባትሪውን ያብሩባቸው፤ ከዚያ መርፌውን ሳይጫኑ ይሳቡበት። ግሌዝ ላይ መርፌ ይንሸራተታል፣ በተደረበ ቀለም ላይ ግን ይይዛል። አንዳንድ አዲስ የጥገና ቀለም በአልትራቫዮሌት ስለማይበራ ሁለቱንም ፈተና ያድርጉ። ሰዎች ስኒ ሲገዙ በጥፍር እያንኳኩ ድምፁን ይሰማሉ፤ የዳንቴል ምስልን ግን እንዳያንኳኩ።

ጥገና ካላት በደረቅ ብቻ ያጽዷት፦ የካሜራ ሌንስ መንፊያ የላስቲክ ፊኛና አዲስ፣ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፤ ብሩሹ በዳንቴሉ ቀዳዳ ላይ በቁም ይነካካ እንጂ በአግድም አይሳብ፣ ጸጉሩ ይያዝና ክሩን ይሰብራል። ጥገና ከሌላት የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ፎጣ ያንጥፉ፤ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጠብታ ተራ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ። ምስሏን አይንከሯት፤ ከመቀመጫዋ ይዘው በብሩሽ እያራሱ፣ በተጣራ ውሃ እያለቀለቁ ይሂዱ። ማድረቂያው ቀዝቃዛ አየር በሩቁ ነው። በረኪና በፍጹም፤ በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ጨው ይተዋል፣ ጨው ሲደርቅ ግሌዙን ያነሳል። ኮምጣጤና ሎሚም አይሆኑም፤ ከግሌዝ በላይ የሚቀቡት የድሮ ቀለሞች እርሳስ አለባቸው፣ አሲድ ይበላቸዋል። በዚሁ ምክንያት ቀለም የተቀባ አሮጌ ስኒ ለሻይ በሎሚ አይሁን።

የተሰበረ የዳንቴል ቁራጭ ካለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጡት። በሱፐር ግሉ አይንኩት፤ ከመስመሩ ትንሽ ዝንፍ ብሎ ይይዝና ለባለሙያም ያስቸግራል። ጠጋኞች ፓራሎይድ ቢ-72 የሚባለውን በአሴቶን የሚፈታ ማጣበቂያ የሚመርጡት ሥራው ካላማረ መልሶ ለማንሣት ስለሚያመች ነው።

ጉዞው ላይ ዋናው ሕግ ዳንቴሉን ምንም ነገር እንዳይነካው ነው። አረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ መጠቅለል ያለው ስሕተት ይህ ነው፦ ሻንጣው ሲጫን ፕላስቲኩ ዳንቴሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጥጥም አይሁን፣ ክሩ ከቀዳዳው ይጠላለፋል። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ስፖንጅ ላይ የመቀመጫዋን ቅርጽ ይቁረጡና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እንድትሰምጥ ያድርጉ። ዳንቴሉ እስከ መቀመጫዋ ጠርዝ ከወረደ የተቆረጠው ስፖንጅ ከእሱ በታች ይሁን። ከዚያ ሌላ ስፖንጅ ከጀርባዋና ከደረቷ፣ ከወገብ በላይ ብቻ፣ ይደግፋት። ክንዷ ወደ ውጭ ከተዘረጋ በስፖንጁ ላይ ቦታ ያውጡለት። ይህ ሁሉ ጠንካራ ካርቶን ውስጥ ይግባ፤ ካርቶኑ ደግሞ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ባለው ሌላ ካርቶን ውስጥ። በእጅ ሻንጣ ይያዟት፤ ከወንበር በታች ከላይኛው መደርደሪያ ይሻላል፣ እዚያ የሌላ ሰው ሻንጣ ይገፋታል። ፍተሻ ላይ ካርቶኑን ራስዎ እንዲከፍቱ ይጠይቁ፤ ለጉምሩክ ደረሰኝ ወይም የዋጋ ማስረጃ ይያዙ።

እናትዎ ቤት ስትደርስ ቦታዋ የመስታወት በር ያለው ቡፌ ነው። ቡና በሚፈላበት ቤት የእጣንና የከሰል ጭስ ቅባት ያለው ስስ ጥላሸት ይተዋል፤ ለስላሳ ግሌዝ ላይ በጨርቅ ይነሳል፣ ከዳንቴል ቀዳዳ ግን ሳይሰበር አይወጣም። ከመስታወቱና ከጎረቤት ዕቃ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትራቅ፤ ሠራተኛዋም አቧራ ስታራግፍ ምስሏን ከመቀመጫዋ እንጂ ከወገቧ ይዛ እንዳታነሳት ይነገራት።